ጋፋትን ማወደስ ብቻ አይበቃም

የጋፋት ስም በተነሣ ቁጥር ደረታችንን ነፍተን ስለ ሴባስቶፖል እናወራለን። ዐፄ ቴዎድሮስ 7 ቶን ያህል የሚመዝነውን ይህን መድፍ በአውሮፓውያን ባለ እጆችና በአገሬው ሠራተኞች ድካም እዚሁ ደብረ ታቦር አጠገብ አሠሩት። ነሐሱ መቅለጡን እናነሣለን፤ ጉዞውን ግን እንዘነጋለን። በ1860 ዓ.ም. መጀመሪያ ከደብረ ታቦር የተነሣው መድፍ መቅደላ የደረሰው በመጋቢት ነበር። ሠረገላው ባይጠነክር፣ መንገዱም ባይደለደል፣ ጋፋት በቀረ ነበር። ኃያል ነገር መሥራት አንድ ሥራ ነው፤ የሚሸከመውን ማዘጋጀት ሌላ ሥራ ነው።

የዛሬው የፊውዥን ምርምርም ይህንኑ ያስተምራል። ቀላል የአቶም እምብርቶችን አዋሕዶ ኃይል ለማግኘት በደቡብ ፈረንሳይ በመሠራት ላይ ያለው ኢተር፣ እጅግ የጋለውን ጋዝ የሚይዘው በማግኔት አጥር ነው። ማግኔቶቹ ከዜሮ በታች 269 ዲግሪ ያህል ሲቀዘቅዙ ኤሌክትሪክን ያለ ተቃውሞ ያሳልፋሉ። ዝናው ሁሉ ለዚህ ነው። ይሁን እንጂ ማግኔቱ በገዛ ኃይሉ ራሱን ለማጣመም ይታገላል። መስኩ 12 ቴስላ ሲደርስ ግፊቱ በካሬ ሴንቲሜትር ወደ 580 ኪሎ ግራም ይሆናል፤ መስኩ እጥፍ ቢሆን ግፊቱ አራት እጥፍ ይሆናል። ስለዚህ 17 ሜትር የሚረዝሙት 18ቱ ጥቅልሎች በወፍራም የማይዝግ ብረት ታቅፈዋል። ብርዱ ብረቱን ያኮማትረዋል፤ ኃይሉ ይገፋዋል፤ ብየዳው ሁለቱንም መቻል አለበት።

«መብራት በሚጠፋበት አገር ይህ ምን ይፈይዳል?» የሚል ጓደኛ አይጠፋም። ጥያቄው ተገቢ ነው። ነገር ግን የሆስፒታሉ ኤም አር አይ በዚሁ ዓይነት ቀዝቃዛ ማግኔት ይሠራል፤ ድልድይና የውሃ ጋንም በዚሁ የብረትና የኃይል ስሌት ይቆማሉ። አገራችን ከኢተር አባላት አንዷ አይደለችም፤ ስሌቱ ግን ቪዛ አይጠይቅም።

ከመቅደላ በኋላ ባለ እጆቹ ሲበተኑ የጋፋት ሥራ ቀረ። ሙያ በጥቂቶች እጅ ብቻ ሲሆን መጨረሻው ይኸው ነው። እኛም ቀመሩን ለፈተና ሸምድደን ብረት ሳንነካ ብንመረቅ ከዚያ አንሻልም። ስለዚህ ማኅበራችን ወርክሾፑ ከትምህርት ሰዓት ውጭ እንዲከፈት ይጠይቅ። የፊዚክስ ተማሪው ኃይሉን ያስላ፤ የመካኒካል ተማሪው ማቀፊያውን ይንደፍ፤ የከተማችን በያጅም ያስተምረን። በመዳብ ሽቦ ትንሽ ጥቅልል ሠርተን፣ ስሌታችን ከለካነው ጋር ይስማማ እንደሆነ እንፈትን። ያን ጊዜ የጋፋት ልጆች ነን ብንል ያምርብናል።