ለቆላው ልጅ ማን ይጻፍለት?
ነገሌ ቦረና የተወለዱት አቶ ዮሐንስ ገብረጊዮርጊስ ከመማሪያ መጽሐፍ ሌላ መጽሐፍ በእጃቸው የያዙት በ19 ዓመታቸው ነበር። ተሰደው በሳን ፍራንሲስኮ የቤተ መጻሕፍት ሠራተኛ ሲሆኑ፣ በየአገሩ ቋንቋ ለልጆች መጽሐፍ ሲፈልጉ የአማርኛ አጡ። ስለዚህ እ.ኤ.አ. በ2002 የማሞ ቂሎን ተረት በአማርኛና በእንግሊዝኛ ከነሥዕሉ አሳተሙ፤ በ2003 አዲስ አበባ ሾላ የልጆች ቤተ መጻሕፍት ከፈቱ።

ጓደኞቼ ሆይ! እኛስ? የሥነ ጽሑፍ ተማሪዎች ነን እያልን የምንጽፈው እርስ በርሳችን ለመነባበብ ብቻ ነው። የነገሌ፣ የያቤሎና የሞያሌ ልጅ በአማርኛ ብቻ ሳይሆን በእናቱ አፍ፣ በኦሮምኛና በሶማልኛም ተረት ማንበብ ይገባዋል። ይህን መጽሔት የሚያባዛው መኪና ለተረትም ይሠራል። እንግዲህ ለዕረፍት ስንሄድ እያንዳንዳችን ከሽማግሌ አፍ አንድ ተረት ጽፈን እንመለስ፤ ሥዕል የሚችልም ይሣልበት። ልጁ 19 ዓመት እስኪሞላው አይጠብቅ።