መምህር በሆቴል አዳራሽ አይወጣም

የኮምፒውተር መምህር ጉድለት የሥልጠና ጉድለት ነው፤ ይህም ጉድለት መምህሩን ከትምህርት ቤቱ አውጥቶ፣ በአንድ ጥሩ ሆቴል አዳራሽ ሁለትና ሦስት ቀን አሰንብቶ፣ በመጨረሻው ቀን የምስክር ወረቀት አስይዞ በመሸኘት ይሞላል የሚለው እምነት፣ በደቡብ ሱዳን ዋና ከተማ በጁባ በሹማምንቱም፣ በረድኤት ድርጅቶቹም፣ በመምህራኑም ዘንድ እንደ ቀኖና ተቀብሎ ይኖራል። ይህ እምነት ስሕተት ነው፤ የሚያባክነውም ገንዘብ ብቻ ሳይሆን የመምህሩን ክብርና የተማሪውን ዕድሜ ጭምር ስለ ሆነ፣ በትሕትና ሳይሆን በግልጽ ልንቃወመው ይገባል።

ጁባ ለኢትዮጵያዊ አንባቢ ባዕድ አገር አይደለችም፤ በገበያዋና በሆቴሎቿ አማርኛ ዘወትር ይሰማል። በየካቲት ወር 1964 ዓ.ም. በአዲስ አበባ የተፈረመው ስምምነት የመጀመሪያውን የሱዳን የእርስ በርስ ጦርነት አስቁሞ ጁባን የደቡቡ ክፍል አስተዳደር መናገሻ ባደረጋት ጊዜ፣ ከዚያ ሰላም ከተገኙት ፍሬዎች አንዱ እ.ኤ.አ. በ1975 የተመሠረተው የጁባ ዩኒቨርሲቲ ነበር፤ ጦርነቱ ዳግመኛ ከተነሣ በኋላም ዩኒቨርሲቲው ወደ ካርቱም ተሰዶ ብዙ ዘመን በስደት ኖሮ ተመለሰ። ደቡብ ሱዳን እ.ኤ.አ. በጁላይ 2011 ነጻነቷን ካገኘች ሁለት ዓመት ተኩል ሳይሞላት በዲሴምበር 2013 ጦርነት ተነሣባት፤ በጁላይ 2016 ደግሞ በዋና ከተማዋ መካከል እንደ ገና ደም ፈሰሰ። በእነዚህ በሁለቱ እሳቶች መካከል፣ በ2015፣ የራሷን ሥርዓተ ትምህርት አውጃ የመረጃና የመገናኛ ቴክኖሎጂን በሁለተኛ ደረጃ ከሚሰጡት ትምህርቶች መካከል አስገባች። ይህን ያህል መከራ የተቀበለ ሕዝብ የዘመኑን ጥበብ ለልጆቹ ሲመኝ፣ የምኞቱ ፍጻሜ በመምህሩ እጅ ነውና፣ መምህሩ በምን ዓይነት መንገድ እየታነጸ እንደ ሆነ መመርመር የማንኛውም የትምህርት ወዳጅ ግዴታ ነው።

የእነዚህን የአዳራሽ ጉባኤዎች ሥርዓት አንዱን ያየ ሁሉንም እንዳየ ይቈጠራል። በአዳራሹ ፊት የረጂዎቹ አርማ የተደረደረበት ሸራ ይሰቀላል፤ መምህሩ ሲገባ ስሙን፣ የስልክ ቍጥሩንና ፊርማውን በመዝገብ ላይ ያኖራል፤ ሹማምንቱ የመክፈቻ ንግግር ሲያደርጉ ረፋዱ ያልፋል፤ ከሻይ ዕረፍት በኋላ ከናይሮቢ ወይም ከካምፓላ የመጣ አሠልጣኝ በግድግዳው ላይ ሥዕል እያበራ ስለ አራተኛው የኢንዱስትሪ አብዮትና ስለ ሰው ሠራሽ አስተውሎት ያብራራል፤ ከምሳ በኋላ መምህራኑ በየጠረጴዛው ተከፋፍለው በሰፋፊ ወረቀት ላይ «ችግሮቻችን» የሚል አርእስት አውጥተው መብራት፣ ኮምፒውተር፣ ኢንተርኔት፣ ደመወዝ እያሉ ይዘረዝራሉ፤ ያ ወረቀት ፎቶግራፍ ከተነሣ በኋላ ወዴት እንደሚሄድ ግን ለጸሐፊዎቹ የሚነግራቸው የለም። በሁለተኛው ወይም በሦስተኛው ቀን ማታ አንድ የጋራ ፎቶግራፍ ይነሣል፤ የምስክር ወረቀቱ ይታደላል፤ የመጓጓዣ አበል ይከፈላል። በሪፖርቱም ይህን ያህል መምህራን ሠለጠኑ ተብሎ ይጻፋል፤ ነገሩም በዚያው ተፈጽሞ ይዘጋል።

ከዚያ በኋላ መምህሩ ወደ ክፍሉ ይመለሳል። ጁባ ለብዙ ዘመን በየግቢው በሚጮኽ ጄኔሬተር ስትኖር ቆይታ፣ እ.ኤ.አ. በ2019፣ 33 ሜጋዋት የሚያመነጭ ጣቢያ ተመርቆላት፣ በ2020 ደግሞ ከዩጋንዳ በኩል የፋይበር መስመር ደርሶላት ኑሮዋ ብዙ ተሻሽሏል፤ ይሁን እንጂ መስመሩ ወደ ሆቴሉና ወደ ባንኩ የቀረበውን ያህል ወደ መማሪያው ክፍል አልቀረበም። በማርች 2024 እና በፌብሩዋሪ 2025 የሙቀቱ ኃይል ከመጠን አልፎ መንግሥት ትምህርት ቤቶችን እስከ መዝጋት ደርሷል። ማቀዝቀዣ በሚነፍስበት አዳራሽ፣ እያንዳንዱ መምህር የየራሱ ኮምፒውተር ተሰጥቶት የተማረው ትምህርት፣ አምስትና ስድስት ልጆች አንድ አሮጌ ማሽን ከብበው በሚቆሙበት በቆርቆሮ ክዳን ሥር እንዴት እንደሚፈጸም የሚያሳየው ሰው አብሮት አልመጣም፤ ሊመጣም የታሰበ አልነበረም።

ይህን ስል የነገሩ ሥር መብራት ነው ማለቴ አይደለም። መብራቱ ሌሊትና ቀን ቢበራ እንኳ የአዳራሹ ሥልጠና መምህርን አያወጣም፤ ምክንያቱም የሚያስተምረው ትምህርት ከመምህርነት ጋር የሚገናኘው በጥቂቱ ነው። አሜሪካዊው የትምህርት ሊቅ ሊ ሹልማን እ.ኤ.አ. በ1986 እንዳስረዳው፣ መምህርን ከሌላው የሙያ ባለቤት የሚለየው ትምህርቱን ማወቁ ብቻ ሳይሆን፣ ያ ትምህርት በተማሪው አእምሮ ውስጥ በየት በኩል እንደሚሰናከል፣ የተሰናከለውም በምን ምሳሌና በምን ጥያቄ እንደሚነሣ ማወቁ ነው። የዚህ ዓይነቱ ዕውቀት በአዳራሹ መርሐ ግብር ላይ አንድም ሰዓት የለውም።

ፕሮግራም መጻፍ የሚጀምረውን ልጅ እንመልከት። «ሀ = ሀ + 1» የሚል መስመር ሲያጋጥመው ይታወካል፤ የእኩልነት ምልክት በግራና በቀኝ ያለው መጠን አንድ መሆኑን እንደሚያመለክት በሒሳብ ክፍል ተምሯልና፣ አንድ ቍጥር በአንድ ከበለጠው ቍጥር ጋር እኩል ሊሆን እንደማይችል ያውቃል፤ ማወቁም ትክክል ነው። ኮምፒውተሩ ግን ይህን ምልክት የሚያነበው እንደ ትእዛዝ ነው፤ በቀኝ በኩል ያለውን አስልተህ ውጤቱን በግራ በኩል በተሰየመው ስም አኑር ማለቱ ነው። ልጁ ይህን ልዩነት ሳይረዳ ካለፈ፣ ከዚያ በኋላ የሚመጣው የድግግሞሽ ትምህርት ሁሉ በቃል የሚያዝ ድግምት ይሆንበታል፤ ፕሮግራሙ ማለቂያ አጥቶ ሲዞር ምክንያቱን አያገኘውም፤ ጓደኛው የጻፈውን ገልብጦ ማለፍንም ይለምዳል። መምህሩ ይህን እንቅፋት የሚያውቀው የልጁን ደብተር አንብቦ፣ «ምን አስበህ ነው እንዲህ የጻፍኸው?» ብሎ ጠይቆ፣ ያገኘውን መልስ በሚቀጥለው ቅዳሜ ለሌላ የኮምፒውተር መምህር ሲያጫውተው፣ ያኛውም የእርሱ ተማሪዎች በምን በኩል እንደ ወደቁና በምን እንዳነሣቸው ሲመልስለት ነው። በጁባ በጉዴሌና በሙኑኪ ሠፈሮች የሚያስተምሩ ሁለት መምህራን በዚህ ነገር ላይ አንድ ከሰዓት በኋላ ቢነጋገሩ፣ ስለ አራተኛው አብዮት ሦስት ቀን ከመስማት ይልቅ ለተማሪዎቻቸው ይጠቅማሉ።

ኮምፒውተር በሌለበት የኮምፒውተርን ትምህርት መስጠት አይቻልም የሚለው ምክንያትም እውነትነቱ ግማሽ ነው። በኒውዚላንድ የካንተርበሪ ዩኒቨርሲቲ መምህር ቲም ቤል ከባልደረቦቹ ጋር እ.ኤ.አ. ከ1990ዎቹ ጀምሮ ያዘጋጀው፣ ያለ ማሽን የሚሰጥ የኮምፒውተር ሳይንስ ትምህርት በብዙ አገሮች ተሠራጭቷል። አምስት ልጆች በማንጎ ዛፍ ጥላ ሥር ይሰለፋሉ፤ እያንዳንዳቸውም ከግራ ወደ ቀኝ 16፣ 8፣ 4፣ 2 እና 1 ነጥብ የተሣለበት ካርቶን ይይዛሉ። መምህሩ «13 አሳዩኝ» ሲል የ8፣ የ4 እና የ1 ባለቤቶች ነጥቡን ወደ ጓደኞቻቸው ያዞራሉ፤ የቀሩት ሁለቱ ጀርባውን ያሳያሉ፤ በሰሌዳውም ላይ 01101 ተብሎ ይጻፋል። አምስቱም ቢያዞሩ ስንት ይሆናል? 31 ይሆናል። ስድስተኛ ልጅ ቢጨመር ስንት ነጥብ ይዞ በየት በኩል ይቁም? ልጆቹ በዚህ ጥያቄ ሲከራከሩ፣ ማሽኑ ቍጥርን ሁሉ በሁለት ምልክት የሚጽፍበትን ምሥጢር በእጃቸው ዳስሰውታል። የሚጠፋው ወጪ አንድ የካርቶን ሣጥንና አንድ ቀለም ነው። ነገር ግን ይህን ትምህርት በሥዕል ያየ መምህር ሁሉ ሊያስተምረው አይችልም፤ ራሱ በልጆች ፊት ሞክሮ፣ ጥያቄውን ያለ ጊዜው አቅርቦ፣ መልሱን ቸኵሎ ተናግሮ፣ ከኋላ ተቀምጦ ሲያየው በነበረ ባልደረባ የታረመ መምህር ግን ይችላል።

እኛም በአገራችን የመምህሩን ስፍራ ዘንግቶ በመሣሪያ መመካት የሚያመጣውን ጉዳት ቀምሰነዋል። ከ1997 ዓ.ም. ጀምሮ በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶቻችን፣ በደቡብ አፍሪካ የተዘጋጀ ትምህርት በሳተላይት እየመጣ በፕላዝማ ቴሌቪዥን ሲታይ፣ መምህሩ በክፍሉ መግቢያና መውጫ ላይ ጥቂት ደቂቃ የሚናገር፣ በቀረው ጊዜ ከተማሪዎቹ ጋር ቆሞ የሚመለከት ሰው ሆኖ ነበር፤ ተማሪው ባይገባው ፕላዝማው አይጠየቅም፣ መብራት ቢጠፋ ትምህርቱ ይቀራል። በጁባ አዳራሾች የሚደረገው ከዚህ በመልኩ ቢለይም በመንፈሱ አንድ ነው፤ በሁለቱም ዘንድ ዕውቀት ከሩቅ የሚመጣ ዕቃ፣ መምህሩም ተቀብሎ የሚያስተላልፍ ተሸካሚ ሆኖ ተቈጥሯል።

የአብነት ትምህርት ቤቶቻችን ሊቃውንት በዚህ ረገድ የሚበልጥ ማስተዋል ነበራቸው። የቅኔ ተማሪ የቈጠረውን ቅኔ በመምህሩ ፊት ያቀርባል፣ ይነቀፋል፣ ይታረማል፤ የበረታውም አስነጋሪ ሆኖ ከእርሱ በታች ያሉትን እያስተማረ፣ እያስተማረም ሳለ በመምህሩ እየታየ ይኖራል። ድጓ የሚማረው ቤተ ልሔም፣ ዝማሬና መዋሥዕት የሚማረው ዙር አባ ሄዶ፣ ብዙ ዘመን ደክሞ፣ በሊቃውንቱ ፊት ተፈትኖ ካስመሰከረ በኋላ ወንበር ይዘረጋል። በዚያ ሥርዓት ረኃቡም፣ በቃል የማጥናቱም ጭነት የበዛ መሆኑን አልክድም፤ ነገር ግን መምህር በሦስት ቀን ንግግር ይወጣል ብሎ ያሰበ አንድም ሊቅ በመካከላቸው አልተገኘም።

በዘመናዊውም ዓለም ቢሆን የተሳካለት ሥራ በዚሁ መንገድ የሄደ ነው። በእንግሊዝ አገር እ.ኤ.አ. በ2008 ጥቂት ሰዎች ተሰባስበው «ኮምፒዩቲንግ አት ስኩል» የተባለውን ማኅበር ሲያቆሙ፣ መምህራን በየወረዳቸው ከሥራ ሰዓት በኋላ በአንዱ ትምህርት ቤት እየተገናኙ የየራሳቸውን ትምህርት የሚያቀርቡበትን ልማድ ተከሉ፤ በሴፕቴምበር 2014 አዲሱ የኮምፒውተር ትምህርት በሥራ ላይ ሲውል ማኅበሩ ቆሞ ጠበቀው፤ ብሔራዊው የሥልጠና ማዕከል ከ84 ሚሊዮን ፓውንድ በጀት ጋር የተቋቋመው በ2018፣ ማለት ማኅበሩ ከተጀመረ ከዐሥር ዓመት በኋላ ነው። በጁባ ቅደም ተከተሉ ተገልብጧል፤ ገንዘቡ ጉባኤውን ይወልዳል፣ ገንዘቡ ሲያልቅም ጉባኤው አብሮት ይሞታል። ከተማዪቱ በራሷ ልጆች የሚቆም ማኅበር ማፍራት አትችልም የሚል ካለ ግን፣ የከተማዪቱ ወጣት ሴቶች መሥርተውት ልጃገረዶችን ኮምፒውተር የሚያስተምረውን ጎ ገርልስ አይሲቲ ኢኒሺዬቲቭን ይመልከት። ለልጃገረዶቹ የተቻለው ለመምህራኑ የማይቻልበት ምክንያት የለም። የመምህራኑ ኅብረት በፌስቡክ ቢሆን ይበቃል የሚሉም አሉ፤ በጃንዋሪ 2025 ፌስቡክና ቲክቶክ በአገሪቱ ለጥቂት ቀናት በመንግሥት ትእዛዝ ተዘግተው ስለ ነበር፣ በእንዲህ ያለው መሠረት ላይ ብቻ የቆመ ኅብረት ምን ያህል እንደሚጸና ታይቷል።

ከሁሉ የሚከብደው ተቃውሞ የአበሉ ነገር ነው። የመንግሥት ደመወዝ ለብዙ ወራት ሳይከፈል በቀረበት አገር፣ ከአዳራሹ የሚገኘው አበል ለመምህሩ የልጆቹ እንጀራ ነው፤ ይህን አበል የሚወቅስ ሰው አስቀድሞ የመምህሩን ማጀት ይመልከት። እኔም መምህሩን አልወቅስም። የምወቅሰው፣ መምህሩ ከክፍሉ ሲወጣ ገንዘብ የሚሰጠውን፣ በክፍሉ ሲገኝ ግን ባዶ እጁን የሚተወውን አሠራር ነው። የአውሮጳ ኅብረት እ.ኤ.አ. ከ2017 ጀምሮ በሥራ ገበታቸው ለተገኙ የአንደኛ ደረጃ መምህራን በየወሩ 40 ዶላር ይከፍል የነበረበት ፕሮግራም፣ የረጂ ገንዘብ መምህሩን በክፍሉ እንዲጸና ለማድረግ ሊውል እንደሚችል አሳይቷል። ለሆቴሉ ኪራይ፣ ለአሠልጣኙ አይሮፕላንና ለምሳው የሚወጣው ገንዘብ ተሰብስቦ፣ በየሳምንቱ በአንዱ ትምህርት ቤት የሚሰበሰቡ የኮምፒውተር መምህራን አበልና ያ ትምህርት ቤት ለዚያ ቀን የሚያስፈልገው ነዳጅ ቢሆን፣ የመምህሩ እንጀራ አይቀነስም፤ የሚቀረው ሸራው ብቻ ነው። የትምህርት ሚኒስቴሩም በበኩሉ የእነዚህን መምህራን የማስተማሪያ ሰዓት በሳምንት በግማሽ ቀን ቀንሶ ለዚህ ጉባኤ ቢፈቅድላቸው፣ ከወረቀት ሁሉ የሚበልጥ ዕውቅና ሰጣቸው ማለት ነው።

እስከዚያው ድረስ የአዳራሽ ጥሪ የሚደርሰው መምህር፣ ጠሪዎቹን «ይህን ትምህርት በእኔ ክፍል፣ በእኔ ተማሪዎች ፊት፣ ባሉን ማሽኖች አስተምራችሁ አሳዩኝ፤ ከወር በኋላም ተመልሳችሁ እኔ ሳስተምር እዩኝ» ብሎ የመጠየቅ መብት አለው፤ ባልደረቦቹም አብረውት ሊጠይቁ ይገባል።