ማቀዝቀዣ ወይስ መስኮት? በምዕራብ ደቡብ ወሎ መንገዶች የተሳፋሪ ሙቀት ጉዳይ

ከመካነ ሰላም መናኸሪያ ንጋት 12 ሰዓት ላይ ወደ ደሴ በሚነሣ አውቶቡስ ውስጥ መስኮት የሚከፍት ሰው አይገኝም። ብርዱ አጥንት ድረስ ይዘልቃል፤ ተሳፋሪው ጋቢውን ተከናንቦ፣ ሕፃኑን በብብቱ አቅፎ ይቀመጣል። ፀሐይ ከፍ ብላ እኩለ ቀን ሲቃረብ ግን ያው አውቶቡስ ሌላ ቤት ይሆናል። መስኮቶቹ በንጋት እንደ ተዘጉ ናቸው፤ አየሩ ከብዷል፤ ሕፃናት ያለቅሳሉ፤ የሚያስመልሳቸውም አይታጡም። ከኋላ የተቀመጠው ወጣት «መስኮት ክፈቱ እንጂ!» ሲል፣ ከፊቱ ያሉት እናት «ተው ልጄ፣ ንፋስ ይመታኛል» ይላሉ። ረዳቱ ጣልቃ ገብቶ ሁለቱንም ዝም ያሰኛል፤ መስኮቱም እንደ ተዘጋ ይቀራል።

ይህ ክርክር እንደ ተራ የጉዞ ጭቅጭቅ ሊታይ አይገባም። በዚህ መንገድ ከሚጓዙት መካከል ወደ ደሴ ለተሻለ ሕክምና የተላኩ ሕሙማን፣ ነፍሰ ጡሮች፣ አረጋውያንና ተማሪዎች አሉ። ተሳፋሪን ከሙቀትና ከታፈነ አየር መጠበቅ የምቾት ብቻ ሳይሆን የጤና ጥያቄ ነው። መፍትሔው ሲታሰብ ደግሞ ቶሎ ወደ አፍ የሚመጣው «ኤሲ ያለው አውቶቡስ ይግባ» የሚለው ነው። ለደጋው ወሎ ግን ይህ መልስ ውድ ነው፤ ከውድነቱም በላይ የችግሩን ምንጭ ይስታል።

ሙቀቱ ከየት ይመጣል?

በደጋ አገር አውቶቡስን የሚያሞቀው የውጭው አየር አይደለም። መካነ ሰላም ከባሕር ወለል በላይ 2600 ሜትር ገደማ ላይ የምትገኝ ከተማ ናት፤ ከእርሷ ወደ ደሴ የሚወስደው መንገድ የሚያልፍበት የለጋምቦ አካባቢም ከእርሷ የባሰ ብርዳም ነው። በእኩለ ቀን እንኳ ጥላ ሥር የቆመ ሰው ጋቢውን አያወልቅም። በዚህ አየር ውስጥ የሚሄድ ተሽከርካሪ የሚሞቀው በሁለት ምክንያት ነው፤ አንዱ ፀሐይ፣ ሁለተኛው ራሱ ተሳፋሪው ነው።

ከፍታ በጨመረ ቁጥር አየሩ ስለሚሳሳ ፀሐይ ይበልጥ ትበረታለች። ሰማይ በጠራበት እኩለ ቀን በአንድ ስኩዌር ሜትር ላይ ወደ 1000 ዋት የሚጠጋ የፀሐይ ኃይል ያርፋል። ርዝመቱ 11 ሜትር፣ ስፋቱ 2.5 ሜትር በሆነ አውቶቡስ ጣሪያ ላይ ይህ ከ27 ኪሎ ዋት በላይ ነው። ጥቁር ወይም ደማቅ ቀለም የተቀባ ጣሪያ አብዛኛውን ወደ ውስጥ ይስባል፤ ነጭ ጣሪያ አብዛኛውን ይመልሳል። በመስታወት በኩል የሚገባው ብርሃንም ወንበሩንና የተሳፋሪውን ጉልበት ካሞቀ በኋላ ሙቀቱ ተመልሶ በቀላሉ አይወጣም።

ተሳፋሪው ደግሞ የራሱን ሙቀት ይዞ ይገባል። ተቀምጦ ያለ አንድ አዋቂ ወደ 100 ዋት የሚጠጋ ሙቀት ከሰውነቱ ያወጣል። 60 ሰው የጫነ አውቶቡስ እንግዲህ ከሰው ብቻ 6 ኪሎ ዋት ሙቀት አለው ማለት ነው። አንድ የኤሌክትሪክ የእንጀራ ምጣድ ከ3 እስከ 4 ኪሎ ዋት እንደሚወስድ ለሚያውቅ ሰው ነገሩ ግልጽ ነው። መስኮቱ በተዘጋ ክፍል ውስጥ ሁለት ምጣድ ያህል እሳት እየነደደ ጉዞው ይቀጥላል።

ይህን የአዲስ አበባ ባለ ሁለት ፎቅ አውቶቡሶችም በሌላ መልክ ያሳያሉ። የላይኛው ፎቅ በቀጥታ ከጣሪያው ሥር ስለሆነ የፀሐይን ሙቀት ይቀበላል፤ ከታች የሚሞቀው አየርም በደረጃው በኩል ወደ ላይ ይወጣል። የከተማዋ አየር ለስላሳ ሆኖ ሳለ በላይኛው ፎቅ የተቀመጠው ሰው የሚያልበው ለዚህ ነው። ችግሩ የአየር መውጫ ማጣት እንጂ የአገሩ መሞቅ አይደለም።

ከሌሎች ከተሞች የሚወሰድ ትምህርት

ለንደን በዚህ ረገድ የሚጠቀስ ታሪክ አላት። እ.ኤ.አ. በ2012 ሥራ የጀመሩት አዲሶቹ ባለ ሁለት ፎቅ አውቶቡሶቿ የተሠሩት የተሳፋሪ መስኮቶቻቸው እንዳይከፈቱ ተደርገው ነበር፤ ንድፉ የታመነው በአየር ማቀዝቀዣው ሥርዓት ላይ ነው። በበጋ ሙቀት ግን የላይኛው ፎቅ ተሳፋሪዎች ክፉኛ አማረሩ። እ.ኤ.አ. በ2015 የከተማዋ የትራንስፖርት ባለሥልጣን የሚከፈቱ መስኮቶች እንዲገጠሙ ወሰነ። መጀመሪያ ሊኖር የሚገባው ቀላል ነገር በኋላ በተጨማሪ ወጪ መጣ።

የሆንግ ኮንግ ታሪክ ደግሞ በተቃራኒው ይሄዳል። በዚያች ሞቃትና እርጥብ ከተማ አየር ማቀዝቀዣ ያላቸው ባለ ሁለት ፎቅ አውቶቡሶች ከእ.ኤ.አ. 1980ዎቹ ጀምሮ እየተስፋፉ ሄደው የድሮዎቹን ሙሉ በሙሉ ተክተዋል። የውጭው አየር ራሱ ሞቃትና ወበቃማ ሲሆን መስኮት መክፈት ብዙ አይጠቅምምና ውሳኔው ትክክል ነበር። ከሁለቱ ታሪኮች የሚገኘው ቁም ነገር አንድ ነው፤ መሣሪያው የሚመረጠው በአገሩ አየር ነው። በአፋር፣ በድሬዳዋ ወይም በጋምቤላ ማቀዝቀዣ ተገቢ ሊሆን ይችላል። ቀዝቃዛ አየር ከውጭ በነፃ በሚገኝበት በቦረናና በለጋምቦ ደጋ ግን ያንኑ አየር በነዳጅ ማምረት ብክነት ነው።

ማቀዝቀዣው የማይሰጠው ነገር

ለአውቶቡስ የሚሆን ማቀዝቀዣ ከሞተሩ ከ10 ኪሎ ዋት በላይ ሊወስድ ይችላል። ተርቦ የሌለው ሞተር ደግሞ በየ1000 ሜትሩ ከፍታ ከጉልበቱ ወደ 10 በመቶ ያጣል፤ በመካነ ሰላም ከፍታ ላይ ሩብ የሚሆነው ጉልበቱ አስቀድሞ ሄዷል። በዳገት ላይ ሾፌሩ መጀመሪያ የሚያጠፋው ማቀዝቀዣውን መሆኑ አያስገርምም። መሣሪያው ሲበላሽ መለዋወጫው በውጭ ምንዛሪ ይመጣል፤ እስኪመጣም ድረስ መስኮት የሌለው አውቶቡስ የተዘጋ ምድጃ ነው። የኤሌክትሪክ አውቶቡሶችም ከዚህ አያመልጡም፤ ማቀዝቀዣው የሚበላው ኃይል ከሚጓዙበት ርቀት ላይ የሚቀነስ ነው።

ከሁሉ የሚብሰው ግን ሌላ ነው። ማቀዝቀዣው አዲስ አየር ካልቀላቀለ ያንኑ የተተነፈሰ አየር እያዞረ ያቀዘቅዘዋል። ኢትዮጵያ የዓለም ጤና ድርጅት ከፍተኛ የሳንባ ነቀርሳ ጫና አለባቸው ብሎ ከዘረዘራቸው 30 አገሮች አንዷ ናት። በሽታው በአየር የሚተላለፍ በመሆኑ ለብዙ ሰዓት በተዘጋ ክፍል አብሮ መቀመጥ ያጋልጣል። በ2012 ዓ.ም. የኮሮና ወረርሽኝ ሲገባ የሕዝብ ማመላለሻዎች በግማሽ እንዲጭኑ ሲታዘዝ፣ የመተላለፊያ አየር ጉዳይ በየመናኸሪያው መነጋገሪያ ሆኖ ነበር። ወረርሽኙ ሲረሳ መስኮቶቹም ተመልሰው ተዘጉ።

የእናቲቱ ፍርሃትና መልሱ

መስኮት እንዳይከፈት የሚሉትን ሰዎች ማላገጥ ቀላል ነው፤ ግን ትክክል አይደለም። በንጋቱ ብርድ መስኮት መዝጋት ጤናማ ማስተዋል ነው። አስፋልት ባልተነጠፈበት ቦታ አቧራው፣ በክረምት ዝናቡ ሌላ ምክንያት ይሆናሉ። ከጎን መስኮት በቀጥታ አንገትና ጆሮ ላይ የሚመታ ነፋስ ለማንም አይመችም። ስለዚህ መልሱ ተሳፋሪውን ከመገሠጽ ይልቅ ነፋሱ ሰውን ሳይመታ የሚያልፍበትን መንገድ ማበጀት ነው።

ሒሳቡ ይህ እንደሚቻል ያሳያል። በመካነ ሰላም ከፍታ የ60 ሰዎችን ሙቀት ለማውጣትና የውስጡን አየር ከውጭው በ5 ዲግሪ ብቻ እንዲበልጥ ለማድረግ በሰከንድ 1.3 ሜትር ኩብ ገደማ አየር መግባት አለበት። በሰዓት 40 ኪሎ ሜትር የሚሄድ አውቶቡስ በሰከንድ 11 ሜትር ያህል ይጓዛል። አየሩ በዚህ ፍጥነት ሩብ እንኳ ቢገባ በድምሩ ግማሽ ስኩዌር ሜትር የሆነ መግቢያና ተመጣጣኝ መውጫ ይበቃዋል። የፀሐዩ ሙቀት ክፍተቱን ከፍ ማድረግ ቢጠይቅም፣ ነጭ ጣሪያና መጋረጃ ሸክሙን ያቀሉታል።

በተግባር ይህ ማለት ጥቂት ነገሮች ናቸው። የመጀመሪያው ከራስ በላይ የሚከፈት የጣሪያ መስኮት ነው፤ ከፊት ባለው ይገባል፣ ወደ ኋላ በሚከፈተው ይወጣል፤ ወደ ኋላ የተከፈተው ዝናብና አቧራም ብዙ አያስገባም። ጣሪያ ላይ ጆንያና ቅርጫት የሚጫን በመሆኑ መስኮቱ ከዕቃ መጫኛው ውጭ መሆን ይኖርበታል። ሁለተኛው ነጭ ጣሪያና በጣሪያው ሥር ሙቀት የሚከላከል ንጣፍ ነው። ሦስተኛው ፀሐይ በሚመታበት ጎን የሚዘጋ መጋረጃ ነው። በአይሱዙ የጭነት መኪና ሻንሲ ላይ አካል የሚገጥሙት፣ «ቅጥቅጥ» የሚባሉትን አውቶቡሶች የሚሠሩት የአገር ውስጥ ጋራዦች ይህን ሁሉ በእጃቸው ባለው ብረትና ብየዳ ሊሠሩት ይችላሉ።

አራተኛው ቁጥጥር ነው። በየዓመቱ ለቦሎ ምርመራ የሚቀርብ የሕዝብ ማመላለሻ ፍሬኑና መብራቱ እንደሚታይ ሁሉ፣ መስኮቶቹ በእርግጥ መከፈታቸው ሊታይ ይገባል። በብሎን የታሰረና እጀታው የወለቀ መስኮት ጉድለት ተብሎ ሊመዘገብ ይገባዋል።

አምስተኛው ልማድ ነው። ከመካነ ሰላም ወደ ጎጃም የሚወስደው መንገድ ወደ ዓባይ ሸለቆ ሲወርድ ከፍታው ከ1000 ሜትር በላይ ይቀንሳል። በአማካይ በየ1000 ሜትሩ ቁልቁለት 6.5 ዲግሪ ስለሚጨምር ተሳፋሪው በአንድ ጉዞ ከደጋ ወደ ቆላ ይገባል። መቼ መከፈት፣ መቼ መዘጋት እንዳለበት አስቀድሞ የታወቀ ከሆነ ውሳኔው በተሳፋሪዎች መካከል ጭቅጭቅ አይሆንም። ረዳቱ ቁልቁለቱ ሲጀምር «አሁን የጣሪያው ይከፈታል» ካለ፣ ዳገቱ ላይ ብርድ ሲመጣ ከዘጋ፣ ሁለቱም ወገን የሚቀበለው ሥርዓት ይሆናል።

ለተመራማሪ የተተወ ሥራ

በመካነ ሰላምና በቱሉ አውሊያ ግቢዎች ያሉት የመቅደላ አምባ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች በእነዚሁ አውቶቡሶች ይመላለሳሉ። በአንድ አውቶቡስ ከፊት፣ ከመሐልና ከኋላ ቴርሞሜትር፣ አጠገቡም የካርቦን ዳይኦክሳይድ መለኪያ አስቀምጦ፣ መስኮት በተዘጋበትና በተከፈተበት ሰዓት ያለውን ልዩነት መመዝገብ ከአንድ የማስተርስ ተማሪ አቅም በላይ አይደለም። እንዲህ ያለ ልኬት ለጋራዡም፣ ለትራንስፖርት ቢሮውም፣ ለባለ ንብረቱም የሚታይ ማስረጃ ይሆናል።

ወደ ደሴ የተላከች ነፍሰ ጡር በዚያ መንገድ ላይ ስትጓዝ የሚያስፈልጋት ንጹሕ አየር ከአውቶቡሱ ውጭ በብዛት አለ። የተለየ ማሽን እስኪገዛ መጠበቅ አያሻትም፤ ጣሪያው ላይ ሁለት የሚከፈቱ መስኮቶችና የሚከፍታቸው ሰው ካሉ ለእርሷም፣ ንፋስ ለሚፈሩት እናትም ይበቃሉ።