ሙያ በልብ ብቻ አይቅር

«ሙያ በልብ ነው» የሚለው አባባል በአገራችን እጅግ ከሚወደዱት ምሳሌያዊ ንግግሮች አንዱ ነው። የሚናገሩት ሁሉ ትሕትናን ለማስተማር አስበው መሆኑ አይካድም፤ ዐዋቂ ሰው ዕውቀቱን በየአደባባዩ አይለፍፍም ማለታቸው ነውና። ነገር ግን አንድ አባባል በአንድ ስፍራ መልካም ስለ ሆነ በሁሉም ስፍራ መልካም ይሆናል ማለት አይደለም። በልብ ብቻ የተቀመጠ ሙያ ባለቤቱ ሲሞት አብሮት ይቀበራል። በዚህ አባባል ጥላ ሥር ከኖሩት ሙያዎች መካከል ደግሞ ፈትልን ያህል የተበደለ አለ ብዬ አላምንም። ጥጥን አዘጋጅቶ መፍተል፥ ፈትሉንም ማቅለም፥ እንደ ማናቸውም ዕውቀት በመጽሐፍ የሚጻፍ፥ በትምህርት ቤት የሚሰጥና ተገቢው ዋጋ የሚከፈልበት ሊሆን ይገባዋል። የዚህ ጽሑፍ ክርክር ይህ ነው።

ስለ ሸማኔ ጥቂትም ቢሆን ተነግሯል። የቀደመው ዘመን ሰው ሸማውን ለብሶ ሸማ ሠሪውን ሲንቅ፥ የእጅ ሥራን ሁሉ የስድብ ስም አድርጎ ሲኖር፥ ዳግማዊ ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛን በሥራው መስደብን በዐዋጅ ከለከሉ። ዐዋጁ ንቀቱን ከሰው ልብ ፈጽሞ ባይነቅለውም፥ የሸማኔው በደል በመንግሥት ፊት ስሙ ተጠርቷል። ፈታይዋ ግን ስድቡም ዐዋጁም አልደረሳትም። የደረሰባት ከስድብ የሚብስ ነገር ነው፤ ሥራዋ ሥራ ተብሎ አልተቈጠረም።

«ባለሙያ» የሚለውን ቃል እንመርምረው። በመሥሪያ ቤት ባለሙያ ሲባል ትምህርቱ የተመሰከረለት፥ ደረጃ የተሰጠው፥ ደመወዝ የተቈረጠለት ሰው ማለት ነው። ይኸው ቃል ለእናቶቻችን ሲነገር ግን ጠላዋ የሰመረ፥ ወጧ የጣፈጠ፥ ፈትሏ የቀጠነ ሴት ማለት ነው፤ ደረጃም ደመወዝም የለበትም። አንዱ ቃል በቢሮ ወንበር ላይ ሲቀመጥ ገንዘብ፥ በጓዳ ሲቀመጥ ምስጋና ብቻ የሚያስገኘው ስለ ምን ነው? በምስጋና እኮ ጤፍ አይሸመትም።

«በፈትል ውስጥ ምን ዕውቀት አለ? አሮጊቶች ወሬ እያወሩ የሚሠሩት ሥራ አይደለምን?» የሚል አይጠፋም። እንዲህ የሚል ሰው አንድ ቀን እንዝርት ይዞ ይሞክር። በመጀመሪያ ጥጡ ፀሐይ ላይ ተሰጥቶ መድረቅ አለበት፤ እርጥበት ያለው ጥጥ ፍሬውን አይለቅምና። ከዚያ በጠፍጣፋ ድንጋይ ላይ በብረት ዘንግ ይዳመጣል። እጅ ሲከብድ ፍሬው ተፈርክሶ ስባሪው ከጥጡ ጋር ይቀላቀላል፤ እጅ ሲቀል ደግሞ ፍሬው ከነጥጡ ይቀራል። የተዳመጠው ጥጥ በደጋን ይነደፋል፤ የደጋኑ ጅማት እየተንቀጠቀጠ የተጣበቀውን ያላቅቃል፥ እብቁንም ያራግፋል። ባዘቶ የምንለው ያ ደመና የመሰለ ጥጥ የሚገኘው ይህ ሁሉ ከተፈጸመ በኋላ ነው።

ትልቁ ትምህርት የሚጀመረው ግን እንዝርቱ በጭን ላይ ተሽሎ ሲሽከረከር ነው። አንዱ እጅ እንዝርቱን ያሾራል፤ ሌላው እጅ ባዘቶውን ይስባል። የጥጥ ስስ ፀጉሮች አንድ ላይ የሚያዙት በጥምዘዛ ነው። ጥምዘዛው ሲያንስ ፀጉሮቹ ተንሸራተው ክሩ ይበጠሳል፤ ሲበዛም ክሩ በራሱ ላይ እየተጠመጠመ ይቈላለፋል። ለድር የሚሆነው ክር በሸማኔው ዕቃ ላይ ተወጥሮ ብዙ ስለሚታሽ ጠንከር ብሎ መጠምዘዝ አለበት፤ ለማግ የሚሆነው ግን ላላ ብሎ ለስላሳና ሙቀት የሚይዝ ሊሆን ይችላል። ፈታይዋ ይህን ሁሉ የምትለካው በጣቶቿ ነው። ተማሪዎቻችን በፊዚክስ ክፍል ስለ ሰበቃና ስለ ሽክርክሪት በጥቍር ሰሌዳ ይማራሉ፤ እርሷ ግን እነዚህን ሕጎች በየቀኑ እያዘዘች ልቃቂቷን ትሞላለች። የሕጉን ስም የሚያውቅ ተማረ ሲባል፥ በሕጉ የሚሠራ አልተማረም መባሉ ፍርድ አይደለም።

ሁለተኛው ተከራካሪ የተማረ ሰው ነው። እርሱም «ፋብሪካ ባለበት ዘመን እንዝርት ምን ያደርጋል?» ይላል። ይህ ሰው ስለ ፋብሪካ ታሪክ ቢያስብ መልካም ነው። እንደ አውሮጳውያን አቆጣጠር በ1733 ጆን ኬይ የተባለ እንግሊዛዊ የሸማኔውን ሥራ የሚያፋጥን መወርወሪያ አወጣ። ሸማኔው ሲፈጥን ፈትል አነሰው፤ ቀድሞም ቢሆን አንድን ሸማኔ የሚቀልቡት ብዙ ፈታዮች ነበሩና። በ1760ዎቹ ጄምስ ሃርግሪቭስ ብዙ እንዝርት በአንድ ጊዜ የሚያሾረውን ስፒኒንግ ጄኒ የሠራው በዚህ ችግር ምክንያት ነው። የጄኒው ክር ግን ለማግ እንጂ ለድር የሚጸና አልነበረም፤ ለድር የሚበቃ የጥጥ ክር ያወጣው በ1769 የባለቤትነት መብት ያገኘው የሪቻርድ አርክራይት መኪና ነው። እንግዲህ ዓለምን የለወጠው የፋብሪካ ዘመን ደጁ የተከፈተው በፈትል ነው ማለት ነው። መኪናዎቹም እንዝርትን አልሻሩም፤ አበዙት እንጂ። የፈትልን ጠባይ ያልመረመረ ሕዝብ የፈትል መኪና ይገዛል፤ አይፈጥርም።

ፋብሪካን የምነቅፍ አይምሰላችሁ። የባሕር ዳር የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ እንደ አውሮጳውያን አቆጣጠር በ1961 መቋቋሙ ለአገር የበጀ ነው፤ ብዙ ሰው በርካሽ ለብሷል። ከውጭ የሚመጣ ጨርቅም ለእኛ አዲስ እንግዳ አይደለም፤ በመጀመሪያው መቶ ዘመን የተጻፈ የግሪክ የባሕር ነጋዴዎች መጽሐፍ ወደ አዱሊስ ወደብ ከግብፅና ከህንድ ጨርቅ ይገባ እንደ ነበር ይናገራል። ስለዚህ ጠቡ በእጅና በመኪና መካከል አይደለም። ጠቡ በዕውቀትና በቸልተኝነት መካከል ነው።

ዛሬ ያለውን እንይ። በብዙ ሸማኔ ቤት ድሩ የፋብሪካ ክር ሆኗል፤ የእጅ ፈትል የቀረው በማጉ ላይ ነው። የፈትል ነጠላን ከሌላው የሚለየው ያ ልስላሴ የሚመጣው ከዚሁ ማግ ነው። በገበያ ደግሞ ጥበብ የተጠለፈበት ሳይሆን የጥበብ ምስል በመኪና የታተመበት ጨርቅ ከውጭ እየመጣ ይሸጣል። በበዓል ቀን መድረክ ላይ ወጥቶ ስለ ባህል ልብስ ክብር የሚናገረው ሰው ይህንኑ የታተመ ጨርቅ ለብሶ ሲገኝ ምን እንበል? ድሆች በአቅማቸው ይግዙ፤ አይፈረድባቸውም። ነገር ግን የሚችለው ሰው በፈትል ዋጋ እየተከራከረ፥ ሃያ ብር ለማስቀነስ ከምስኪን ፈታይ ጋር እየተሟገተ፥ ተመልሶ ስለ ባህል ቢሰብክ ስብከቱ ከከንፈሩ አያልፍም።

በማቅለም ረገድ የጎደለን ይበልጣል። ለጥበብ የሚሆነው ቀይና ሰማያዊ ክር በቀደመው ዘመን ይገኝ የነበረው ከውጭ የመጣውን ባለ ቀለም ጨርቅ በመተርተር ነበር። ይህ የሸማኔውን ብልኀት ያሳያል፤ የቀለም ዕውቀታችን ግን ወደ ድሩ እንዳልደረሰ ይመሰክራል። ዕውቀቱ ጨርሶ ጠፍቶ አይደለም። መነኮሳት የሚለብሱት ቢጫ ልብስ ወይባ መባሉ ቀለሙ ከወይባ ዛፍ ስለሚወጣ ነው። ሱፍ በጾም ወራት ፍሬው ተወቅጦ የሚቀርብልን ምግብ ነው፤ አበባው ግን ቀይና ቢጫ ቀለም ስለሚሰጥ በጥንታዊት ግብፅ ጨርቅ ይቀለምበት ነበር። እርድ ጥጥን ወዲያው ቢጫ ያደርገዋል፤ ፀሐይ ግን በቶሎ ያደበዝዘዋል። ጥጥ ሰም መሰል ነገር ስላለበት በአመድ ውሃ ካልተቀቀለ ቀለሙን በደንብ አይጠጣም፤ የበግ ፀጉር ግን ከጥጥ ይልቅ ቀለምን ይቀበላል። በመንዝ ደጋ ያሉ ሴቶች የበግ ፀጉር አጥበው፥ አስነድፈውና ፈትለው ለባናና ለበርኖስ ያደርሳሉ፤ ቀለሙን የሚሰጠው ግን አብዛኛውን ጊዜ በጉ ራሱ ነው። የኬሚስትሪ መምህራን ሆይ! ተማሪዎቻችሁ የትኛው ቅጠል በየትኛው ክር ላይ እንደሚጸና ቢመረምሩና ውጤቱን ቢጽፉ ከዚህ የበለጠ ምን ቤተ ሙከራ ትሻላችሁ?

ሦስተኛው ተቃውሞ ከሁሉ የሚከብደው ነው። «ሴት ልጅን ከእንዝርት ያላቀቅናት በስንት ድካም ነው፤ መልሳችሁ ልታስሯት ነውን?» ይላል። ይህን የሚሉ ሰዎች እውነት አላቸው። ወንድሟ ፊደል ሲቈጥር እርሷ ጥጥ ስትዳምጥ ያደገች ሴት ቍጥር የላትም። ይሁን እንጂ በዳይዋ እንዝርት አልነበረችም፤ በዳዩ ሥራውን ለሴት ብቻ፥ ፊደሉን ለወንድ ብቻ፥ ዋጋውን ለማንም ያደረገው ልማድ ነው። መድኀኒቱም ልማዱን መሻር ነው። ወንዱም ሴቷም ፊደል ይማሩ፤ ወንዱም ሴቷም እንዝርት ያሹሩ። ዳንቴል በትምህርት ቤት ሲሰጥ ማንም አልተቈጣም፤ ታዲያ ፈትል ከዳንቴል በምን አነሰ?

ለዚህ ከሩቅ አገር አንድ ምሳሌ አለ። በህንድ ማሕተመ ጋንዲ ካደጉ በኋላ ከሚያውቁ ሴቶች መፍተልን ተምረው የነጻነት ትግል ምልክት አደረጉት፤ በ1925 የፈታዮች ማኅበር ተቋቋመ፥ በ1931ም የኮንግረስ ፓርቲ ሰንደቅ ዓላማ መካከል የፈትል መዘውር ተሣለ። ብዙዎች የሚያስታውሱት መዘውሩን ነው። ለእኛ የሚበልጠው ትምህርት ግን ሌላ ነው፤ በ1935 ማኅበሩ ለፈታዮች የሚከፈለው ዋጋ ዝቅተኛ ወለል እንዲኖረው ወሰነ። መዘውሩን ማክበር ቀላል ነበር፤ ፈታይዋን መክፈል ግን ውሳኔ አስፈለገው።

እንግዲህ የምንጠይቀው ይህን ነው። በመጀመሪያ፥ ጥጥ ከማድረቅ እስከ ማቅለም ያለው ሥራ በየአካባቢው ስሙ ከነመሣሪያው በአማርኛና በሌሎች የአገራችን ቋንቋዎች ይጻፍ። ሁለተኛ፥ ሥራውን የሚያስተምሩት የሚያውቁት ሴቶች ይሁኑ፤ ፊደል ባለመቍጠራቸው ከመምህርነት አይከልከሉ፥ እንደ መምህርም ይከፈላቸው። ሦስተኛ፥ በእጅ የተፈተለው ልብስ ከሌላው ተለይቶ ለገዢው ይታወቅ፤ ገዢው የሚከፍለው ለምን እንደ ሆነ ይወቅ፥ ፈታይዋም ድርሻዋን ታግኝ። በጀት የሚይዘው ሹም፥ ሰሌዳ የሚይዘው መምህር፥ ደብተር የሚይዘው ተማሪ ከእነዚህ አንዱን እንኳ ሊጀምር ይችላል።

«ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» እንላለን። ድሩ የሚያብረው ግን አስቀድሞ የሚፈትለው ሲኖር ነው። ሙያ በልብ መሆኑ እውነት ነው፤ ከልብ ወደ እጅ፥ ከእጅ ወደ መጽሐፍ፥ ከመጽሐፍም ወደ ሌላ ሰው ልብ ካልተሻገረ ግን ሙያ መሆኑ ይቀርና ትዝታ ይሆናል። ትዝታ ደግሞ ብርድ አይከላከልም።