«ለተማሪ አይከራይም»፦ የኪራይ አዋጁ ያልደረሰላቸው የኢምፔሪያል ተከራዮች

በየዓመቱ ትምህርት ሊከፈት ሲቃረብ ከኢምፔሪያል እስከ ገርጂ ባለው ሠፈር የቤት ደላሎች ሥራ ይበዛባቸዋል። ልጁን ከክፍለ ሀገር ይዞ የመጣ አባት ከደላላው የሚሰማው የመጀመሪያ ጥያቄ «ቤቱ ለማን ነው?» የሚል ነው። መልሱ «ለተማሪ» ከሆነ የሚዘጋው በር ጥቂት አይደለም።

የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ተማሪ፣ በተለይ ከሩቅ የተመደበው፣ በወጪ መጋራት ሥርዓት መኝታና ምግብ ያገኛል። የዩኒቲ ዩኒቨርሲቲ የገርጂ ግቢ የሚገኝበትን ይህን አካባቢ ጨምሮ የግል ኮሌጅ ተማሪው ግን በአብዛኛው ለራሱ የተተወ ነው። ምርጫውም ጠባብ ነው፤ ወይ ባለቤቱ በሚኖርበት ግቢ ውስጥ ያለች ሰርቪስ ክፍል፣ ወይ ከጓደኞች ጋር ተጋርቶ ኮንዶሚኒየም። በ1996 ዓ.ም. ከጀርመኑ ጂቲዜድ ጋር በሙከራነት የተጀመረው የገርጂ ኮንዶሚኒየም ዝቅተኛ ገቢ ላላቸው ቤተሰቦች ታስቦ እንደነበር ይታወሳል።

የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት በመጋቢት 2016 ዓ.ም. ያጸደቀው የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320/2016 ለተከራይ ብዙ ነገር ይዞ መጥቷል። ውሉ በጽሑፍ ሆኖ በ30 ቀናት ውስጥ እንዲመዘገብ፣ ዘመኑም ከሁለት ዓመት እንዳያንስ፣ ቅድሚያ ክፍያ ከሁለት ወር ኪራይ እንዳይበልጥ ደንግጓል። ጭማሪም እንደ ቀድሞው በአከራዩ ፈቃድ ብቻ የሚወሰን አይደለም። የሦስት ወር፣ አልፎም የስድስት ወር ቅድሚያ ሲጠየቅ ለኖረ ከተማ ይህ ቀላል ለውጥ አይደለም።

ችግሩ አዋጁ በዓይነ ኅሊናው የያዘው ተከራይ ባል፣ ሚስትና ልጆች ያሉት ቤተሰብ መምሰሉ ላይ ነው። የመጨረሻ ዓመት ተማሪ የሚፈልገው ቤት ለአሥር ወር ነው። አከራዩ በበኩሉ ተማሪው ክረምት ሲመጣ ወደ አገሩ እንደሚሄድ ያውቃል፤ ሁለት ዓመት የሚቆይ ቤተሰብ ካገኘ ተማሪውን ለምን ይመርጣል? ውል ሲመዘገብ ደግሞ የኪራይ ገቢው ለግብር ሰብሳቢው ይገለጣል። የሰርቪስ ባለቤት ተማሪውን ቢቀበለው እንኳ «በቃል እንስማማ» ማለቱ ከዚህ የመነጨ ነው። በቃል የተስማማው ልጅ በመንፈቀ ዓመቱ ፈተና ሰሞን «ልቀቅ» ቢባል የሚያሳየው ወረቀት የለውም። (ማታ በሩ በስንት ሰዓት እንደሚቆለፍና እንግዳ እንደማይገባ ግን በሚገባ ይነገረዋል።)

ከሁሉ የሚከፋው ግን ብዙዎች የማያስተውሉት የጋራ ኪራይ ጉዳይ ነው። አራት ተማሪዎች በወር 20,000 ብር የተከራዩትን ቤት እያንዳንዳቸው 5,000 ብር እያዋጡ ይኖራሉ እንበል። አራቱም ከፈረሙ፣ በፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 1896 መሠረት በውሉ ሌላ ስምምነት እስካልተቀመጠ ድረስ ባለዕዳዎቹ በአንድነትና በተናጠል ኃላፊ ናቸው። ሦስቱ ቢጠፉ አከራዩ 20,000ውን በሙሉ ከቀረው አንድ ልጅ መጠየቅ ይችላል ማለት ነው። ልጁ ከጓደኞቹ ድርሻቸውን የመጠየቅ መብት አለው፤ ነገር ግን ትምህርት አቋርጦ አገሩ የገባን ጓደኛ ለ5,000 ብር ብሎ ማን ይከሰዋል? አንዱ ብቻ ፈርሞ ሌሎቹ በእሱ ስም ሲገቡ ደግሞ ሸክሙ ከመነሻው የእሱ ነው፤ የቀሩትም በአከራዩ ፊት ተከራይ አይደሉም።

የኮሌጅ ከተሞች ባሉበት ሁሉ ይህ ጥያቄ ተነሥቷል። በአሪዞና በረሃ ላይ በምትገኘው ቱሳን ለተማሪ ተብለው የተሠሩ አፓርታማዎች በአልጋ የሚከራዩበት አሠራር የተለመደ ነው። እያንዳንዱ ተማሪ ለራሱ ክፍል ብቻ ይፈርማል፤ ወላጅ ዋስ ይሆናል። ጓደኛው ቢሄድ የአልጋው ኪሳራ የአከራዩ ነው። ኪራዩ ርካሽ ነው ማለት ግን አይደለም።

እዚህም ቢሆን አዋጁ እስኪሻሻል መጠበቅ የግድ አይደለም። አንቀጽ 1896 ራሱ ተዋዋዮች ሌላ ስምምነት እንዲያደርጉ በር ከፍቷል፤ «እያንዳንዱ ተከራይ ኃላፊነቱ በድርሻው ብቻ ነው» የሚል አንድ መስመር ውሉ ላይ መጨመር ይቻላል። አከራይ ይህን በነፃ አይቀበልም፤ ዋስትና ይፈልጋል። በእኛ አስተያየት ዋስትናውን ለመስጠት የተሻለው አካል በየመንፈቀ ዓመቱ ክፍያ የሚሰበስበው ኮሌጅ ነው። ተማሪው እየተማረ መሆኑን የሚያውቀው፣ ሲያቋርጥም ቀድሞ የሚሰማው እሱ ነው። ለምዝገባ ቀን የሚያሳትመው መመሪያ ላይ ስለ መኖሪያ ቤት አንድ ገጽ ቢጨምርና ናሙና ውል ቢያዘጋጅ እንኳ ከደላላው ቀድሞ ወላጁ ዘንድ ይደርሳል።