ሞኝ ወይስ ከዳተኛ?

ሰሞኑን አንድ ታላቃችን ተቆጡን። ጋይንት ተወልደው ብዙ ዘመን ያስተማሩ፣ እኛም በየበዓሉ እየሄድን ምርቃት የምንቀበላቸው ሰው ናቸው። ያስቆጣቸው ፊልም ነው። የልጅ ልጆቻቸው ስልክ ላይ ተደፍተው የኮሪያ የወንበዴ ፊልም ሲያዩ ደረሱባቸው። በዚያች ደቂቃ አንዱ ጎረምሳ አለቃውን በጩቤ እየወጋ ነበር፤ ስልኩን ነጥቀው አጠፉት። ከዚያ ወደ እኛ ዞሩ። «የእኛ አገር ሰው ጌታውን አይከዳም ነበር። ክህደትን ከውጭ አገር እያስገባችሁ ነው። ጸሐፊ ነን ትላላችሁ አይደል? እስቲ ይህን ጻፉ!» አሉን።

እሺ ጋሼ፣ ይኸው ጻፍነው። ደስ እንደማይልዎት ግን ከአሁኑ ይወቁት።

እኛ ከጋይንት፣ ከስማዳና ከእስቴ ወጥተን ከተማ የገባን ልጆች ነን። እነዚህን ፊልሞች መጀመሪያ ያየናቸው በቪዲዮ ቤት አግዳሚ ላይ ተጠጋግተን፣ ከሥር የሚሮጠውን የእንግሊዝኛ ጽሑፍ ግማሹን እያነበብን ግማሹን እየገመትን ነው። (ግምታችን አንዳንዴ ከፊልሙ ይሻል ነበር።) ስለዚህ ጉዳዩን በሩቅ አናወራውም። እነዚህ ፊልሞች ክህደትን አያስተምሩም። የሚጠይቁት ጥያቄ አንድ ነው፤ መጀመሪያ የከዳው ማን ነው? ይህ ጥያቄ ደግሞ እኛ አገር በጭራሽ አይጠየቅም።

ኪም ጂ-ውን እ.ኤ.አ. በ2005 የሠራውን፣ «መራራ ጣፋጭ ሕይወት» ልንለው የምንችለውን ፊልም እንውሰድ። ሱን-ዉ የሚባለው ሰው አለቃውን ሰባት ዓመት አንገቱን ደፍቶ አገልግሏል። አለቃው አንዲት ወጣት ወዳጅ አለችው። ለጉዞ ሲነሣ «ተከታተላት፤ ሌላ ሰው ካላት እርምጃ ውሰድ» ብሎት ይሄዳል። ሌላ ሰው አላት። ሱን-ዉ ግን አሳዘኑትና ለቀቃቸው። ለዚህች አንዲት ምሕረት አለቃው ከነሕይወቱ አስቀበረው! ከጉድጓዱ ወጥቶ ሲመለስ ገንዘብም ሥልጣንም አልጠየቀም። የጠየቀው «ለምን?» ብሎ ነው። ሰባት ዓመት ያገለገሉት ሰው በአንድ ሌሊት እንዴት ጉድጓድ ያስቆፍራል? ሊቀመጥ የሚችል መልስ አላገኘም። ጋሼ ያዩት ጩቤ የሌላ ፊልም ይሁን እንጂ፣ ከብዙዎቹ ጩቤዎች በፊት እንዲህ ያለ ጉድጓድ አለ።

አሁን ወደ ቋንቋችን እንምጣ። ሎሌ ጌታውን ሲተው ምን እንላለን? «ከዳ» እንላለን። ከዳተኛ፣ ከሃዲ፣ ባንዳ። (የመጨረሻዋን ከጣሊያን ወርሰን የራሳችን አድርገናታል፤ እንደ ማኪያቶ።) ጌታ ሎሌውን ሲተውስ? «ፊት ነሣው»፣ «ሻረው»፣ «ጣለው»። ዝናብ ጣለ እንደማለት ነው፤ የሚጠየቅ ሰው የለበትም። ጌታው ሎሌውን ከዳ ብላችሁ ለሽማግሌ ብትነግሩ በሰዋስው የተሳሳታችሁ ይመስላችኋል።

ከዚህ የባሰ ደግሞ አለ። የተጣለው ሎሌ ራሱ ስም ይወጣለታል። ምሳሌው ከደጃችን ነው። መጋቢት 22 ቀን 1922 ዓ.ም. ከጋይንት በስተ ምሥራቅ፣ በጌምድርና ወሎ በሚገናኙበት በአንችም ሜዳ ራስ ጉግሣ ወሌ ከንጉሥ ተፈሪ ጦር ጋር ተዋጉ። የራስ ጉግሣ ሠራዊት ገና ውጊያ ሳይገጥም ነበር መሟሸሽ የጀመረው፤ ከአውሮፕላን የውግዘት ወረቀት ወረደበት፣ ቦምብም ተከተለ። ራስ ጉግሣ እዚያው ወደቁ። የሰሜኑ ደጃዝማች አያሌው ብሩ በዚህ ጊዜ ለመሐል አገሩ መንግሥት ታማኝ ሆነው ተገኝተዋል። በጌምድር የሚሰጠው ለእርሳቸው ነው ተብሎ ተጠበቀ። የተሰጠው ለራስ ካሣ ኃይሉ ሆነ። ታዲያ አዝማሪው ማንን ዘፈነበት? ቃሉን ያጠፈውን መንግሥት? የለም። የዘፈነው በአያሌው ላይ ነው፤ ሰው አምነሃልና ሞኝ ነህ አለው። ዘፈኑን ሁላችንም እናውቀዋለን፣ እየጨፈርንበትም አድገናል። አንድ ቀን ቆም ብለን ቃሉን ስናዳምጠው ግን እግራችን ተያዘ።

እንግዲህ ሒሳቡ ይህ ነው። ከታች ያለው ሰው ከሄደ ከዳተኛ ነው፤ ከቆየ ደግሞ ሞኝ ነው። ከላይ ላለው የተዘጋጀ ስም የለም።

«አፄ ቴዎድሮስስ?» ትሉ ይሆናል። ልክ ናችሁ፣ ከቴዎድሮስ ማምለጥ አይቻልም፤ እኛም አንፈልግም። (አንቱ አንለውም። ሰው የሚወደውን አንተ ይላል።) ካሣ ኃይሉ ሽፍታ ነበር። በቋራ በረሃ ሳለ ገበሬው የእርሻ መሣሪያ እንዲገዛበት ገንዘብ እንዳከፋፈለ ደብተራ ዘነብ ጽፈውልናል። ራስ ዓሊ ልጃቸውን ተዋበችን ዳሩለት፣ ሾሙትም። እርሱ ግን በ1845 ዓ.ም. አይሻል ላይ አማቱን ድል አድርጎ፣ በ1847 ዓ.ም. ደረስጌ ላይ ነገሠ። በጋሼ ሕግ ብንፈርድ ይህ ሰው ጌታውንም አማቱንም የከዳ ነው። ግን እንዲህ ሲባል ሰምታችሁ ታውቃላችሁ? አንሰማም፤ ምክንያቱም አሸንፏል። ያሸነፈ ክህደት «አገር አንድ ማድረግ» ይባላል። አንድ አላደረገም እያልን አይደለም። ስም አወጣጡ ላይ ነው ጠባችን።

ከዚያ በኋላ ያለው ታሪክ በሰፈራችን መንገድ ላይ ያልፋል። በ1859 ዓ.ም. ጎንደርን ዘረፈ፣ አቃጠለ። ያንኑ ዘመን የበጌምድርን ገበሬ ጎተራና በረት አራቆተ፤ በቋራ ገንዘብ ያከፋፈለው ያው ሰው! ወታደሩ ሌሊት ሌሊት መጥፋት ጀመረ። ሊከዱ ነው ተብለው የተጠረጠሩ ተገደሉ። ሲገደሉ የቀሩት ይበልጥ ጠፉ፣ ሲጠፉ ይበልጥ ተገደለ። በ1860 ዓ.ም. መጀመሪያ ደብረ ታቦርን አቃጥሎ ተነሣ። ጋፋት ያስቀለጠውን፣ 7 ቶን ያህል የሚመዝነውን ሴባስቶፖልን በሠረገላ እያስጎተተ ጋይንትን አቋርጦ፣ በጨጨሆ አድርጎ፣ በቤተ ሖር፣ በዋድላና በደላንታ መቅደላ ደረሰ። ከአምስት ወር በላይ ፈጀበት። መንገዱን በራሱ እጅ ድንጋይ እያነሣ ነው የጠረገው፤ ይህን ስናነብ ዛሬም ልባችን ይሸፍታል። ከወረታ ወደ ወልዲያ በሚወስደው፣ ሰው «የቻይና መንገድ» በሚለው አስፋልት ስንሄድ ጨጨሆ ላይ አውቶቡሱ ሲያቃስት፣ ያንን ብረት በገመድ የጎተቱትን እናስባለን።

የጎተቱትን ስም ግን አናውቅም። የገብርዬን እናውቃለን፤ ሚያዝያ 3 ቀን፣ በስቅለት ዕለት፣ አሮጌ ላይ ከጌታው በፊት ወደቀ፤ ታማኝነቱ የሚገባውን ክብር አግኝቷል። ጌታውም በሦስተኛው ቀን፣ ሚያዝያ 6፣ የቀሩትን አሰናብቶ ራሱን ገደለ። ግን ሴባስቶፖልን ከጎተቱት መሐል አንዱ፣ እናት አባቱ ጋይንት ወይም እስቴ ጎተራቸው የተራቆተበት ወታደር፣ ጨጨሆ ላይ ገመዱን ለቅቆ በጨለማ ወደ ቤቱ ቢሄድ ምን እንበለው? መዝገባችን «ከዳ» ብሎ አልፎታል። እኛ ግን ማን ማንን ቀድሞ እንደ ከዳ የጎተራው ባዶነት ይመሰክራል እንላለን። ቴዎድሮስን እንወደዋለን። እየወደድነውም ይህን እንላለን፤ ሁለቱን አንድ ላይ መያዝ የማይችል ሰው ፊልም ባያይ ይሻለዋል።

ጋሼ፣ የአባትዎ ነገርስ? እርስዎ ራስዎ ነዎት የነገሩን። አባትዎ ከቃኘው ሻለቃ ጋር ኮሪያ ዘምተዋል። ከ1943 ዓ.ም. ጀምሮ ፑሳን ወደብ እየወረዱ ከተዋጉት 6,037 ኢትዮጵያውያን አንዱ ናቸው። ከመቶ ሃያ በላይ ወንድሞቻቸው ሞቱ፤ አንድም የተማረከ የለም፤ ሬሳቸውን እንኳ ለጠላት አልተዉም። ታማኝነት ከተባለ ከዚህ ወዲያ ወዴት ይኬዳል? ከዚያ ደርግ መጣ፤ ወዳጅነቱን ከሰሜን ኮሪያ ጋር አደረገ። በደቡብ በኩል የተዋጋ ሁሉ አንገቱን ደፋ። አባትዎ ሜዳሊያቸውን በጨርቅ ጠቅልለው ከሣጥን ሥር እንደ ሌባ ዕቃ ደበቁት። እርሳቸው ማንን ከዱ? ማንንም። ማን ከዳቸው ለማለት ግን፣ ይኸው እንደገና ቃል አጣን።

እዚያው ፑሳን ውስጥ ነው ክዋክ ክዩንግ-ቴክ «ጓደኛ» የተባለውን ፊልሙን እ.ኤ.አ. በ2001 የሠራው። አራት አብሮ አደጎች አድገው ሁለቱ በተቃራኒ ቡድን ይሰለፋሉ፤ አንዱ በጩቤ ይሞታል። ፓርክ ሁን-ጆንግ እ.ኤ.አ. በ2013 በሠራው «አዲስ ዓለም» ደግሞ ወንበዴዎች መሐል የተተከለ ፖሊስ አለ። ማንነቱን የደረሰበት ወንበዴ ወንድሜ ብሎ ይተወዋል፤ የላኩት ፖሊሶች ግን ቃላቸውን እያጠፉ ዓመት በዓመት ያቆዩታል። እኛ ቪዲዮ ቤት ሳንቲም ቆጥረን የምንገባው ለዚህ ነበር። አንድ ሰው የኛን ነገር በማናውቀው ቋንቋ ይነግረን ነበር።

አሁን የሚከነክነን አንድ ነገር ቀርቷል። ዩ ሃ እ.ኤ.አ. በ2006 በሠራው «ቆሻሻ ካርኒቫል» ውስጥ ብዩንግ-ዱ የሚባል ወንበዴ ምስጢሩን ለአብሮ አደጉ ያወራዋል። አብሮ አደጉ ፊልም ሠሪ ነው። ምስጢሩን ፊልም አድርጎ ያወጣዋል፣ ታዋቂም ይሆናል። ብዩንግ-ዱ በመጨረሻ በገዛ ልጆቹ እጅ ይሞታል። ትረካ የሚሸጥ ሰው ከጩቤ ያልተናነሰ ገዳይ ነው ማለት ነው። እኛም ትረካ እንሸጣለን።

ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ጀምሮ ክልላችን ባየው ጦርነት፣ ስማዳ ውስጥ አንድ ገበሬ በቀን ለመጣው ውኃ ቢሰጥ በሌሊት ለሚመጣው ባንዳ ነው፤ በሌሊት ለመጣው እንጀራ ቢሰጥ በቀን ለሚመጣው ከሃዲ ነው። ሁለቱም ታማኝነቱን ይጠይቁታል። ለእርሱ ታማኝ ነን ያለው አንድም የለም። ቃሉን የሚያቀብሉት ደግሞ ብዙውን ጊዜ እንደ እኛ ያሉ፣ ከተማ ተቀምጠው የሚጽፉ ሰዎች ናቸው፤ ቡናችንን እየጠጣን «ባንዳ» ብለን እንለጥፋለን፤ ወረዳው ላይ ቃሉ ሰው ላይ ያርፋል። እኛ ከመሐላችን ይህን ያደረገ አለ። ማን እንደ ሆነ እርስ በርስ እናውቃለን፤ ጽሑፉን አውርደነዋል፣ ሰው ግን አንብቦታል።

ጋሼ፣ ስልኩን ለልጆቹ ይመልሱላቸው። ለጥምቀት ስንመጣ «ጓደኛ»ን አብረን እናያለን፤ ጽሑፉን እኛ እናነብልዎታለን። ፑሳን ስትታይ ደግሞ እርስዎ ያቁሙንና፣ አባትዎ የወረዱበት ወደብ በየት በኩል እንደ ሆነ የነገሩዎትን ይንገሩን። ሜዳሊያውንም ከሣጥኑ ያውጡት።