«ከውጭ ምግብ ይዞ መግባት ክልክል ነው»

ይህን ማስታወቂያ የሆነ በር ላይ ተለጥፎ ያላየ አዲስ አበቤ ያለ አይመስለኝም። ሆቴል በር ላይ ከሆነ ነገሬ አልልም። ሆቴል የሰው ንብረት ነው፤ የሚኖረውም በሚሸጠው ነው። የሕዝብ መናፈሻ በር ላይ ሲሆን ግን ቆም ብሎ ማንበብ ያስፈልጋል። ብዙ ጊዜ ይህች አንድ መስመር የጽዳት ደንብ አይደለችም፤ የኪራይ ውል ናት። ውስጥ ምግብ ቤት የተከራየ ሰው አለ። ያ ሰው የእናንተ ዳቦና የፔርሙዝ ሻይ ገበያውን እንዲሻማበት አይፈልግም። አከራዩ መሥሪያ ቤትም በእኛ ስም እሺ ብሎታል። ጥበቃው ቦርሳችሁን ሲፈትሽ የሚፈልገው ጩቤ ብቻ አይደለም፣ አምባሻም ነው።

ሦስት ልጆች አስከትላ የመጣች እናትን አስቡ። ማንም አትግቢ አላላትም። መግቢያው ነፃ ሊሆንም ይችላል። ከቤት ቋጥራ የመጣችው ግን በር ላይ ይቀራል። ስትገባ ጥላ ያለበት ቦታ ሁሉ የካፌ ወንበር ተደርድሮበታል፤ ገና አረፍ ሳትል «ምን ልታዘዝ?» ይመጣል። ወይ ሦስት ጁስ አዝዛ የሳምንቱን አስቤዛ ትነካለች፣ ወይ ልጆቿን ይዛ ፀሐይ ላይ ትቆማለች። በሚቀጥለው እሑድ አትመጣም። አንድ ኃላፊ በቴሌቪዥን ወጥቶ «ፓርኩ ለሁሉም ክፍት ነው» ቢል ዋሸ አይባልም። በሩ እውነትም ክፍት ነው። የተከራየው ጥላው ነው።

ጉዳዩን ያነሣሁት ያለ ምክንያት አይደለም። ከ2011 ዓ.ም. ወዲህ ከተማዋ ብዙ ፓርክ ሠርታለች። በ«ገበታ ለሸገር» ለአንድ ወንበር 5 ሚሊዮን ብር ተከፍሎ ገንዘብ ተሰባሰበ። አንድነት ፓርክ መስከረም 2012፣ ወዳጅነት ፓርክ በዚያው ዓመት ጳጉሜን፣ እንጦጦ ፓርክ መስከረም 2013 ተመረቁ። ከ2016 ጀምሮ ደግሞ ኮሪደር ልማቱ በየመንገዱ ዳር አረንጓዴ ቦታና አደባባይ እየጨመረ ነው። መሠራታቸውን ልነቅፍ አልመጣሁም (ስለፈረሱት ሰፈሮች ሌላ ቀን እንነጋገራለን)። እኔን የሚያሳስበኝ ሪባን የተቆረጠ ማግስት ያለው ነው። አትክልተኛው፣ ጥበቃው፣ ውኃው፣ መብራቱ በየወሩ ብር ይፈልጋሉ። ብር ሲያጥር ደግሞ ለየትኛውም ቢሮ ቶሎ የሚመጣለት መልስ አንድ ነው፦ እናከራየው።

ማከራየት በራሱ ኃጢአት አይደለም። ፓርክ ውስጥ ቡና አይሸጥ የሚል ሰው ፓርክ ገብቶ የሚያውቅ አይመስለኝም። ጀበና ቡና ይኑር፣ ብስክሌት ይከራይ፣ አዳራሽ ካለ ለአንድ ቀን ስብሰባ ይሰጥ። ሽንት ቤቱንም በማኅበር የተደራጁ ልጆች ትንሽ እያስከፈሉ ቢይዙት አልጣላም፤ ንጹሕ ይሁን እንጂ። እነዚህ ሁሉ አገልግሎት ናቸው፤ የፈለገ ይገዛል፣ ያልፈለገ ያልፋል። ሳሩ፣ ጥላው፣ ኳስ ሜዳውና መግቢያው ግን አገልግሎት አይደሉም። ፓርኩ ማለት እነሱ ናቸው። እነሱን ካከራየን በኋላ ለሕዝብ የቀረው ምንድን ነው? ካርታው?

ብዙ ጊዜ የሚዘነጋ ሌላም ነገር አለ፤ የሚከራየው ቦታ ብቻ አይደለም፣ ቀንም ነው። «ለሰርግ ለአንድ ቀን ብቻ ነው የምንሰጠው» ይባላል። መልካም። ግን ያ አንድ ቀን የትኛው ነው? ማክሰኞ ጠዋት የሚሞሸር የለም። ቅዳሜና እሑድ ነው። ሠራተኛው፣ ተማሪው፣ የቤት ሠራተኛዋ እረፍት የሚያገኙትም በእነዚያው ቀናት ነው። በወረቀት ላይ ፓርኩ በሳምንት አምስት ቀን የሕዝብ ነው፤ ሕዝቡ ግን በአምስቱም ቀን ሥራ ላይ ነው። ስለዚህ የቀን ኪራይ ሲፈቀድ ቢያንስ እሑድ መነካት የለበትም።

ስለ ውል ርዝመት ደግሞ የቺካጎን ታሪክ ላንሣ። እነሱ ያከራዩት ፓርክ ሳይሆን ፓርኪንግ ነው፤ ሕመሙ ግን ያው ነው። በፈረንጆች 2008 የበጀት ጉድለት የገጠማት ከተማ 36 ሺህ ገደማ የመንገድ ዳር መኪና ማቆሚያዎችን ለ75 ዓመት በ1.15 ቢሊዮን ዶላር ለግል ኩባንያ ሰጠች። ምክር ቤቱ ሰነዱ በደረሰው በጥቂት ቀናት ውስጥ 40 ለ5 በሆነ ድምፅ አጸደቀው። በማግስቱ ዓመት የከተማዋ ዋና ኢንስፔክተር ጽሕፈት ቤት ሒሳቡን ሠርቶ ከተማዋ ልታገኝ ከሚገባት ቢያንስ 974 ሚሊዮን ዶላር እንደጎደለባት ሪፖርት አወጣ። ዛሬ ቺካጎ ለበዓል ወይም ለጥገና መንገድ ዘግታ ማቆሚያ ስታጎድል ለኩባንያው ካሳ ትከፍላለች። የራሷን መንገድ ስለዘጋች! ብሩ ጥቂት ዓመት እንኳ ሳይቆይ አልቋል፤ ውሉ ግን ገና ከሃምሳ ዓመት በላይ ይቀረዋል።

ኒው ዮርክ ጠንቀቅ ትላለች። እዚያ የፓርክ መሬትን ለሌላ ጉዳይ አሳልፎ ለመስጠት የክፍለ ግዛቱ ሕግ አውጪ መፍቀድ አለበት። ዩኒየን ስኩዌር በሚባለው ፓርክ ምግብ ቤት ሊከፈት ሲል የአካባቢው ሰዎች ከሰሱ፤ ክርክሩ የክፍለ ግዛቱ የመጨረሻ ፍርድ ቤት ደርሶ በ2014 ተወሰነ። ምግብ ቤቱ አሸነፈ። ያሸነፈበት ምክንያት ነው ደስ የሚለው። ፍርድ ቤቱ ምግብ ቤት ለፓርክ ተገልጋይ ይጠቅማል አለ፤ ውሉም ሊዝ ሳይሆን ፈቃድ ሆኖ ተገኘ። ከተማው የዕለት ሥራውን ይቆጣጠራል፣ በፈለገ ጊዜ ውሉን ያቋርጣል፣ ምግብ ቤቱም የሚሠራው በሞቃቶቹ ወራት ብቻ ነው። ሊዝ የያዘ ባለመብት ነው፤ ካሳ ሳይከፈለው በቀላሉ አይነሣም። ፈቃድ የያዘ እንግዳ ነው።

እዚህ ላይ «አጭር ውል ማን ባለሀብት ይቀበላል?» የሚል እንደሚመጣ አውቃለሁ። ሕንፃ የሚገነባ ባለሀብት አይቀበልም፤ እውነት ነው። ግን ፓርክ ውስጥ ሕንፃ ይገንባ ያለው ማን ነው? ለቡና ማሽንና ለሃያ ወንበር የሁለት ዓመት ፈቃድ ይበቃል። ደግሞስ ያ «ለፓርኩ ማስተዳደሪያ» እየተባለ የሚከራከሩለት ብር ተመልሶ ወደዚያው ፓርክ ይገባል ወይስ ወደ ጠቅላላ ካዝና? ወደ ካዝና ከገባና አትክልተኛው አሁንም ውኃ በጀሪካን የሚያመላልስ ከሆነ ክርክሩ ከሥሩ ፈረሰ።

ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 40 መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው ይላል። እንግዲያው ከባለቤቶቹ አንዱ ነንና ውሉን እንይ። ብዙ አልጠየቅሁም። «ከውጭ ምግብ ይዞ መግባት ክልክል ነው» ከሚለው ማስታወቂያ ጎን አንድ ገጽ ወረቀት ይለጠፍ፦ ማን ተከራየ፣ ምኑን፣ ለስንት ዓመት፣ በስንት፣ ብሩ የት ይገባል፣ ማን ፈረመ። ማስታወቂያውን ለመለጠፍ ማጣበቂያ ካልጠፋ ለዚህም አይጠፋም።

እስከዚያው በሰፈራችሁ መናፈሻ እንዲህ ያለ ውል ያያችሁ ወይም እጃችሁ የገባ ካላችሁ ፎቶውን በውስጥ መስመር ላኩልኝ። የላኪ ስም አልጠቅስም።